ምን ይቀነስ፣ ምን ይጨመር? በሰሜን ሸዋ ተክል ላለበት አኳሪየም የአልጌ መላዎች ሲነጻጸሩ

አልጌ ያስቸገራቸው ሰዎች ሲያማክሩኝ ጥያቄያቸው ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። «ምን ልጨምርበት?» ይላሉ። መድኃኒት? ዓሣ? ቀንድ አውጣ? አዲስ ፊልተር? እኔ ግን መጀመሪያ «ምን ልቀንስ?» ቢሉ እመርጣለሁ። ተክል ባለበት ገንዳ ውስጥ አልጌ የሚበዛው በአብዛኛው ተክሎቹ ከሚጠቀሙበት በላይ ብርሃን ሲተርፍ ነው። የተረፈውን አልጌ ይወስደዋል። ይህን ትርፍ የማይነካ መላ ለጊዜው ያስታግሳል እንጂ አልጌው ተመልሶ ይመጣል።

ስለዚህ አማራጮቹን የማነጻጽረው በነዚህ ጥያቄዎች ነው። ምክንያቱን ይነካል ወይስ የሚታየውን ብቻ ይጠርጋል? ዓሣውን አየር ያሳጣዋል ወይስ አይነካውም? እዚሁ ይገኛል ወይስ አዲስ አበባ ድረስ ያስኬዳል? መብራት ሲሄድስ ምን ይሆናል?

ትንሽ አልጌ እንዳያስጨንቅዎ አስቀድሜ ልናገር። ድንጋይ ላይ ያለ ስስ አረንጓዴ፣ የኋላው መስታወት ላይ ያለ ነጠብጣብ የጤነኛ ገንዳ ምልክት ነው። ዓሣዎችም ይግጡታል። ሥራ የሚያስፈልገው ቅጠል ሲሸፍን፣ ውሃውን ሲያደፈርስ ወይም ሲሸት ነው።

መጀመሪያ ከፍታችንን እናስብ

በኢንተርኔት የሚገኘው ምክር አብዛኛው የተጻፈው ቆላ ለሚኖር ሰው ነው። ደብረ ብርሃን ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየር ግፊቷ በባሕር ጠለል ካለው 71 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ይቀንሳል። 24 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በባሕር ጠለል በሊትር 8.4 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። ያው ውሃ ደብረ ብርሃን ላይ 6 ሚሊግራም ገደማ ብቻ ነው የሚይዘው።

ሸዋ ሮቢት በጣም ሞቃት ናት። ከፍታዋ ግን 1,280 ሜትር አካባቢ ስለሆነ እዚያ 28 ዲግሪ የደረሰ ውሃ 6.7 ሚሊግራም ገደማ ይይዛል። ሂተር የገባበት የደብረ ብርሃን ገንዳ ከሸዋ ሮቢቱ ያነሰ ኦክስጅን አለው ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚጠብቀው ተቃራኒውን ነው።

ይህ ከአልጌ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። አልጌ በመድኃኒትም በጨለማም ሲሞት ይበሰብሳል። ሲበሰብስ ኦክስጅን ይጨርሳል። ብርሃን ሲጠፋ ደግሞ ተክሎቹ ራሳቸው ኦክስጅን መስጠት ትተው መውሰድ ይጀምራሉ። ቆላ ላይ ዓሣ የማይጎዳ መጠን ደጋ ላይ ዓሣውን ወደ ላይ አውጥቶ አፉን ሊያስከፍተው ይችላል። ስለዚህ ደጋ ላይ የትኛውንም መላ ከመሞከርዎ በፊት የአየር ፓምፕ ይኑርዎት። ከዚህ በኋላ በምጽፈው ሁሉ ፓምፑ እንዳለ አድርገው ያንብቡት።

ብርሃን መቀነስ፤ ነጻና ከሁሉ የሚበልጥ

አንድ ነገር ብቻ አድርጉ ብባል ይህን ነው የምመርጠው። ገንዘብ አያስወጣም፤ ምክንያቱንም በቀጥታ ይነካል።

ሁለት ዓይነት ብርሃን አለ። አንዱ የመስኮት ነው። እኛ አገር ቀኑ ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት ይጠጋል። በበጋ ሰማዩ ሲጠራ የደጋው ፀሐይ ኃይለኛ ነው። መስኮት ሥር የተቀመጠ ገንዳ መብራቱ ቢጠፋም ብርሃን ይጠግባል። ብዙ ሰው ገንዳውን ሳሎን መስኮት አጠገብ የሚያስቀምጠው ለውበቱ ነው። በኋላ ግን መጋረጃ መዝጋት ግድ ይሆናል። ቦታ መቀየር ከተቻለ ፀሐይ በቀጥታ የማያርፍበትን ግድግዳ ይምረጡ።

ሌላው የአምፖሉ ነው። ሲኦቱ (ለተክል የሚሰጥ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ) ለማይጨመርበት ገንዳ በሊትር 20 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ) ገደማ ይበቃል። በቀን የሚበራበት ጊዜ ደግሞ 6፣ ቢበዛ 8 ሰዓት ይሁን። ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ ማታ 2 ሰዓት ቢያበሩት ከሥራ ሲመለሱም ያዩታል። አልጌ ከወረረው በቀን 6 ሰዓት ብቻ በማብራት ይጀምሩና ሦስት ሳምንት ሳይቀይሩ ይጠብቁ። ብርሃን ቀንሶ በማግስቱ ለውጥ መጠበቅ ሰውን ወደ መድኃኒት የሚገፋ ትዕግሥት ማጣት ነው።

መብራቱን በሰዓቱ ስለሚያበራና ስለሚያጠፋው ታይመር አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በጥርስ የሚሞላው ሜካኒካል ታይመር ርካሽ ነው፤ መብራት ሲሄድ ግን አብሮ ይቆማል። ሦስት ሰዓት ከጠፋ ፕሮግራሙ ሦስት ሰዓት ይዘገያል። እንዲህ እየተጠራቀመ መብራቱ ሌሊት የሚበራበት ቀን ይመጣል። ውስጡ ባትሪ ያለው ዲጂታል ታይመር ሰዓቱን አይስትም። እኛ አካባቢ ለዲጂታሉ ትንሽ ጨምሮ መክፈል ያዋጣል።

ተክል መጨመር

ከብርሃን ቀጥሎ የማስቀምጠው ይህን ነው። ብርሃን መቀነስ ትርፉን ከላይ ይቆርጣል። ተክል መጨመር ደግሞ ትርፉን የሚበላ አፍ ያበዛል። ሁለቱ አብረው ሲሄዱ ከየትኛውም መድኃኒት ይበልጣሉ።

ተክል ሁሉ ግን እኩል አይደለም። አኑቢያስና ጃቫ ፈርን ቆንጆና ጠንካራ ናቸው፤ ሆኖም በጣም በዝግታ ስለሚያድጉ አልጌን አይሻሙም። እንዲያውም ቅጠላቸው ላይ መጀመሪያ የሚቀመጠው አልጌ ነው። ለዚህ ሥራ የሚፈለጉት ፈጣኖቹ ናቸው። ሆርንዎርት ሥር እንኳ አያስፈልገውም፤ ውሃው ላይ ቢጣል ያድጋል። ከቀዝቃዛ ውሃ ጋርም ይስማማል። ስለዚህ ሂተር ለሌለው የደብረ ብርሃን ገንዳ የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው።

ተንሳፋፊ ተክሎች ከዚህም ይሻላሉ። ቅጠላቸው አየር ላይ ስለሆነ ሲኦቱ አያጥራቸውም፤ ውሃው ውስጥ የተከማቸውን ናይትሬት በፍጥነት ይስባሉ፤ ከታች ላሉትም ጥላ ይሆናሉ። ሳልቪኒያ ካገኙ ይያዙት። ካላገኙ ደግሞ ቤት ውስጥ በጠርሙስ የሚያድገው ፖቶስ አለ። ግንዱን ከላይ አስረው ሥሩን ብቻ ውሃው ውስጥ ይልቀቁት። ቅጠሉ ውሃ ውስጥ አይግባ፤ ይበሰብሳል። በየሰው ቤት ስላለ ከዘመድ ቆርጦ መውሰድ ይቻላል፤ ሥራውም አያሳፍርም።

አደራ የምለው አንድ ነገር አለ። የተቆረጠውንና የተረፈውን ተክል በምንም ምክንያት በሬሳ ወንዝ ወይም ቦይ ውስጥ አይጣሉት። እምቦጭ በጣና ላይ ያደረሰውን አይተናል። እሱም ከሌላ ዓለም የመጣ፣ አበባው የሚያምር ተንሳፋፊ ተክል ነው። ትርፉን ፀሐይ ላይ አድርቀው ከኮምፖስት ጋር ይቀላቅሉት።

ለተክሎቹ ምግብ ሲያስቡ ደግሞ ወደ እርሻ ማዳበሪያ አይሂዱ። ደጃፍ ላይ ዩሪያና ኤንፒኤስ እያለ ለአኳሪየም ማዳበሪያ መግዛት ሞኝነት የሚመስላቸው አሉ። ዩሪያ ውሃ ውስጥ ወደ አሞኒያ ይለወጣል። ኤንፒኤስም ናይትሮጅኑ በአሞኒየም መልክ ነው፤ ከመቶ 38 እጅ ፎስፌት አለበት። አሞኒያ ዓሣ ይገድላል፤ አረንጓዴ ውሃም የሚቀሰቅስ እሱ ነው። ለገብስ የሚበጀው ለገንዳ አይበጅም። ጥቂት ዓሣ በሚኖርበት ገንዳ የዓሣው ኩስ ራሱ ለዝግ አዳጊ ተክል ይበቃል። ካልበቃ ለአኳሪየም ተብሎ የተሠራውን ይግዙ፤ ከግማሽ መጠንም ይጀምሩ።

ሲኦቱ፤ ከያዙት በእርግጠኝነት ይያዙት

ተክል ብርሃንን መጠቀም የሚያቅተው ብዙ ጊዜ ካርቦን ሲያጥረው ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢጨመርለት በፍጥነት ያድጋል፤ አልጌም ይሸነፋል። እውነት ነው። ችግሩ አጨማመሩ ላይ ነው።

በሲሊንደር የሚጨመረው ጥሩው ነው። መጠኑን በሊትር 30 ሚሊግራም አካባቢ ያደርጉታል። ይህንን የሚያሳይ ትንሽ የመስታወት ጠብታ መለኪያ አለ፤ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ሰማያዊ ከሆነ ትንሽ ነው፣ አረንጓዴ ከሆነ ደህና ነው፣ ቢጫ ከሆነ በዝቷል። ሬጉሌተሩና ሲሊንደሩ ግን ውድ ናቸው፤ ለማስሞላትም ቅርብ ቦታ ላይገኝ ይችላል። ከላይ ያልኩትንም የኦክስጅን ነገር አይርሱ። ደጋ ላይ ዓሣው ያለው ኦክስጅን አነስተኛ ስለሆነ ሲኦቱ ትንሽ ሲበዛ ቶሎ ይጨነቃል። መለኪያው አረንጓዴ ሆኖ ዓሣው ወደ ላይ ከወጣ ዓሣውን ይመኑ።

ሁለተኛው በስኳርና በእርሾ የሚሠራው ነው። ሁለት ሊትር ጠርሙስ፣ ስኳር፣ ውሃና ሩብ የሻይ ማንኪያ ያህል ደረቅ እርሾ። ርካሽ ስለሆነ ሁሉም ይሞክረዋል። ሸዋ ሮቢት ላይ ይሠራል። ደብረ ብርሃን ላይ ግን አልመክረውም። ጠላ የጠመቀች ሴት ሁሉ የምታውቀው ነው፤ ብርድ ሲሆን ጥንስሱ ይዘገያል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ውርጭ በሚጥልበት ሌሊት ጠርሙሱ ዝም ይላል። ቀን ፀሐይ ሲሞቅ ደግሞ ይፈላል። ሲኦቱ ከፍ ዝቅ ሲል ተክሉ አይጠቀምም፤ ጥቁሩ ብሩሽ አልጌ ግን በትክክል የሚወደው ይህን መዋዠቅ ነው። አልጌ ለማጥፋት የጀመሩት ነገር ከሁሉ የከፋውን አልጌ ይጠራልዎታል። የማይዋዥቅ ትንሽ ሲኦቱ ከሚዋዥቅ ብዙ ሲኦቱ ይሻላል። ሲሊንደር ካልተቻለ ጨርሶ ሳይጨምሩ ብርሃኑን ዝቅ አድርጎ መኖር የተሻለ መንገድ ነው። የሚያምሩ ገንዳዎች በዚህ መንገድ ይያዛሉ።

«ፈሳሽ ካርቦን» ተብሎ የሚሸጠውስ? አብዛኛው ግሉታራልዴሃይድ ነው። ሆስፒታል ዕቃ ለማምከን የሚጠቀምበት ኬሚካል ነው። የሲኦቱ ምትክ ብዬ አልቆጥረውም፤ አልጌ ገዳይ ነው። ጥቁር ብሩሽ አልጌ ላይ ይሠራል። ቫሊስኔሪያ የሚባለውን ተክል ግን ያቀልጠዋል፤ ለእጅና ለሳንባም ጥሩ አይደለም። ልጆች ባሉበት ቤት ባይገባ እመርጣለሁ።

እጅ፣ ባልዲና ምግብ

ይህ አሰልቺ ነው፤ ይሠራልም። በሳምንት አንድ ጊዜ ከውሃው ሲሶ ያህሉን ይቀይሩ። መስታወቱን በስፖንጅ ይጥረጉ፤ የተሸፈነ ያረጀ ቅጠል ይቁረጡ። ክር የሚመስለውን አልጌ በጥርስ ብሩሽ ጠቅልለው ያውጡት። የወጣው ነገር ተመልሶ አይበሰብስም፤ በዚህ ከመድኃኒት ይበልጣል።

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ካለው በባልዲ አንድ ቀን ክፍቱን ይደር። ፊልተሩን በቧንቧ ውሃ አይጠቡት፤ ከገንዳው በወጣው ውሃ ጨመቅ አድርገው ይመልሱት። ውስጡ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች አሞኒያን የሚያጠፉልን ናቸው። እነሱ ሲሞቱ አልጌ ይከተላል። ረጅም ሰዓት መብራት ሲጠፋም እንዲሁ ነው። ፊልተሩ ለብዙ ሰዓት ከቆመ ስፖንጁን አውጥተው ገንዳው ውስጥ ይተዉት፤ መብራቱ ሲመጣ በውስጡ የቆየውን ውሃ ደፍተው ይመልሱት።

ደጋ ላይ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ጠዋት የቧንቧ ውሃ በጣም ቀዝቃዛ ነው። በ24 ዲግሪ የሚኖር ዓሣ ላይ እንዳለ አይገልብጡት። ትንሽ የፈላ ውሃ ቀላቅለው ለብ ያድርጉት።

ምግብን በተመለከተ በሁለት ደቂቃ የሚያልቀውን ብቻ በቀን አንዴ ይስጡ። በሳምንት አንድ ቀን ቢጾሙም አይጎዱም። የእንጀራ ፍርፋሪና ዳቦ የሚጥልላቸው ቤት ብዙ ነው፤ ልጆችም እንግዶችም ደስ ብሏቸው ይጥላሉ። ያ ፍርፋሪ ጠጠር ውስጥ ገብቶ ይበሰብሳል። ካፌ ውስጥ ያሉ ገንዳዎች አረንጓዴ የሚሆኑት አንዱ በዚህ ነው። እንግዳን መከልከል ስለሚከብድ ክዳን ማድረግ ይሻላል።

አልጌ የሚበሉ እንስሳት

እነዚህ ረዳት ናቸው። አልጌው አንዴ ከተቀነሰ በኋላ እንዳይመለስ ይጠብቃሉ። የወረረውን ግን አያጸዱም። ዓይነቱን መምረጥም ወሳኝ ነው፤ እያንዳንዱ የሚበላው የተለየ ነው።

አማኖ ሽሪምፕ ከሁሉ ምርጡ ነው። ስሙ የመጣው ተክል ያለበትን አኳሪየም እንደ ሥነ ጥበብ ካስተዋወቀው ጃፓናዊ ፎቶግራፈር ታካሺ አማኖ ነው። ክር አልጌ ይበላል፤ ተክል አይነካም። እጮቹ ጨዋማ ውሃ ስለሚፈልጉ ገንዳው ውስጥ አይባዛም። ኦቶሲንክለስ አራት ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነች ትንሽ ዓሣ ናት፤ ቡናማውን አቧራ ትጠርጋለች። አዲስ ገንዳ ውስጥ ግን በረሃብ ትሞታለች። የሳያም አልጌ በል ጥቁር ብሩሽ ከሚበሉት ጥቂቶች አንዱ ነው፤ እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ስለሚያድግ ለትንሽ ገንዳ አይሆንም። ከሱ ጋር የሚመሳሰል የቻይና አልጌ በል የሚባል አለ፤ እሱ ሲያድግ ሌሎቹን ያሳድዳል። ሻጩ ለይቶ ካልነገረዎ አይግዙ። ፕሌኮ ተብሎ በትንሽነቱ የሚሸጠውም ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ የሚደርስ ዓይነት አለበት።

እነዚህን ለማግኘት አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አበባ መውረድ ያስፈልጋል። 130 ኪሎ ሜትር በላስቲክ ከረጢት ማምጣት ለሽሪምፕ ቀላል አይደለም። ሻጩ ከረጢቱን በኦክስጅን እንዲሞላው ይጠይቁ፤ በወፍራም ጨርቅ ጠቅልለው ይያዙት።

ሰው በአቅራቢያው ያለውን ሊሞክር ይችላል። ቆሮሶ (ቲላፒያ) የሚባለው ዓሣ አልጌ ይበላል መባሉ እውነት ነው። ተክሎቹንም ግን ይበላል፤ ጠጠሩን ይቆፍራል፤ ቶሎም ገንዳው ይጠበዋል። ተክል ላለበት አኳሪየም አይሆንም። ከወንዝ የሚለቀም ቀንድ አውጣንስ? በፍጹም። ቢልሃርዚያን ወደ ሰው የሚያሸጋግሩት የወንዝና የሐይቅ ዳር ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ቆላው አካባቢ ካለ ወንዝ ለቅሞ ልጆች እጃቸውን የሚያስገቡበት ገንዳ ውስጥ መጨመር ለአልጌ ብሎ የማይሞከር ነገር ነው።

መድኃኒት፣ ፐርኦክሳይድና በረኪና

መዳብ ያለበትን አልጌ ገዳይ ከዝርዝሬ አውጥቼዋለሁ። ሽሪምፕና ቀንድ አውጣ ይገድላል፤ ተክሎችንም ይጎዳል።

3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ፋርማሲ ይገኛል፤ ርካሽም ነው። ከኬሚካሎቹ ሁሉ የምመርጠው እሱን ነው። ሥራውን ጨርሶ ወደ ውሃና ኦክስጅን ስለሚለወጥ ቅሪት የለውም። ፊልተሩን ያጥፉ፤ በሲሪንጅ አልጌው ላይ በቀስታ ይርጩ፤ አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቀው ፊልተሩን ያብሩ። በአንድ ጊዜ ለጠቅላላው ገንዳ በሊትር ከ0.4 ሚሊ ሊትር አይለፉ። ለ50 ሊትር 20 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ጥቁር ብሩሽ አልጌ ከተነካ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ሮዝ ይለወጣል፤ ያኔ ሞቷል። ሞስና ቫሊስኔሪያ ላይ ግን አይርጩት።

በረኪና ገንዳ ውስጥ አይገባም። ከገንዳ ውጭ ግን ጠቃሚ ነው። አዲስ የመጣ ጠንካራ ተክል፣ ለምሳሌ አኑቢያስ፣ አንድ እጅ በረኪና በ19 እጅ ውሃ ተቀላቅሎ ከሁለት ደቂቃ ላልበለጠ ጊዜ ይነከራል። ከዚያ ደጋግሞ መታጠብና ክሎሪን የሚያጠፋ ፈሳሽ ባለበት ውሃ ውስጥ መቆየት አለበት። ሽታ የተጨመረበትን በረኪና አይጠቀሙ። ስስ ቅጠል ያለው ተክል ይህን አይችልም።

የገብስ ገለባ

በገብስ አገር ስለምንኖር ይህን ሳልነካ አላልፍም። እንግሊዝ ውስጥ የገብስ ገለባ ኩሬ ላይ በመጣል አልጌን መቆጣጠር የታወቀ ዘዴ ነው። ገለባው ያለውን አልጌ አይገድልም። ኦክስጅን ባለበት ውሃ ውስጥ ቀስ ብሎ ሲበሰብስ የሚወጡት ነገሮች አዲስ አልጌ እንዳያድግ ይይዛሉ ይባላል። ውጤቱ አንዳንድ ኩሬ ላይ ታይቷል፤ አንዳንዱ ላይ አልታየም። ከ20 ዲግሪ በላይ በሆነ ውሃ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት፣ ከ10 ዲግሪ በታች በሆነ ደግሞ ስድስትና ስምንት ሳምንት ይፈልጋል።

መንዝም ሆነ ደብረ ብርሃን ዙሪያ ከውድማ አንድ እፍኝ ማግኘት ከባድ አይደለም። ለግቢ ኩሬ በመረብ አስሮ ቢሞከር ክፉ አይደለም፤ ውሃ በሚንቀሳቀስበት በኩል ይሁን። ለቤት ውስጥ አኳሪየም ግን አልመክረውም። ውሃው ትንሽ ነው፣ ኦክስጅኑም ትንሽ ነው፣ የሚበሰብሰው ገለባ ያንኑ ይሻማል። ማሳው ፀረ አረም የተረጨ ከሆነ ደግሞ ተክሎቹን የሚጎዳ ነገር ይዞ ሊገባ ይችላል።

ጨለማና የአልትራቫዮሌት መብራት

እነዚህ ሁለቱ ለተወሰኑ ሁኔታዎች ብቻ ናቸው። ጨለማው ነጻ ነው። ውሃ ይቀይሩ፤ ገንዳውን በወፍራም ብርድ ልብስ ሙሉ በሙሉ ይሸፍኑ፤ ሦስት ቀን፣ ቢበዛ አራት ይቆይ። የደብረ ብርሃን ሰው ብርድ ልብስ አያጣም። ምግብ አይስጡ፤ የአየር ፓምፑ ሌት ተቀን ይሥራ። ሲከፍቱ እንደገና ውሃ ይቀይሩ፤ የሞተው አልጌ ይውጣ። አብዛኞቹ ተክሎች ይችሉታል። ረጅም ሰዓት መብራት የሚጠፋበት ሳምንት ከሆነ ግን ያዘግዩት፤ ጨለማም አየር ማጣትም በአንድ ላይ አይሆንም።

የአልትራቫዮሌት መብራት የሚገድለው ከውሃው ጋር በውስጡ የሚያልፈውን አልጌ ብቻ ነው። አረንጓዴ ውሃን በጥቂት ቀናት ያጠራል። ቅጠልና ድንጋይ ላይ የተጣበቀውን አይነካም። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ገዝቶ ያዝናል።

እንደየአልጌው ስንመርጥ

አዲስ ገንዳ ላይ የሚታየው ቡናማ አቧራ በጣት የሚለቅ ከሆነ ምንም አይግዙለት። ዲያቶም ነው፤ በጥቂት ሳምንታት ራሱ ይጠፋል። መስታወት ላይ በምላጭ ካልሆነ የማይለቅ ክብ አረንጓዴ ነጠብጣብ ኃይለኛ ብርሃንና የፎስፌት ማነስ ያመለክታል፤ ብርሃን ይቀንሱ። ክር ለሚመስለው እጅ፣ ፈጣን ተክልና ሽሪምፕ። ለአረንጓዴ ውሃ ጨለማ፤ ካልበቃ አልትራቫዮሌት።

ጥቁር ብሩሽ ጠንካራው ነው። የተሸፈኑትን ቅጠሎች ይቁረጡ፣ ፐርኦክሳይድ ይርጩ፣ ፊልተሩን ያጽዱ፣ ሲኦቱ የሚዋዥቅ ከሆነ ያስተካክሉ ወይም ያቁሙ። ከአራቱ አንዱን ብቻ አድርጎ ማቆም አይሠራም።

ሰማያዊ አረንጓዴ ሆኖ እንደ ቆዳ የሚነሳና የሚሸተው በእውነቱ አልጌ አይደለም፤ ባክቴሪያ ነው። ቱቦ ይዘው ይሳቡት፣ የውሃውን እንቅስቃሴ ይጨምሩ፣ ከዚያ የሦስት ቀን ጨለማ። ኤሪትሮማይሲን ይገድለዋል ተብሎ ይመከራል። እባክዎ አይጠቀሙ። የሰው መድኃኒት ነው፤ ባክቴሪያ እንዲለምደው ማድረግ ለገንዳ ውበት የሚከፈል ዋጋ አይደለም። ጨለማውና ጽዳቱ በትዕግሥት ከተሠሩ ይበቃሉ።

እንደየቦታው

ደብረ ብርሃን፣ አንኮበር ወይም መሐል ሜዳ ካሉ ሂተር የማይፈልጉ ዓሦችን ቢይዙ ግማሹ ሥራ ይቀልልዎታል። ዋይት ክላውድ የምትባለው ትንሽ ዓሣ ቀዝቃዛ ውሃ ትወዳለች፤ ተክልም አትነካም። ቀዝቃዛ ውሃ ኦክስጅን ይጨምራል፤ አልጌውም በዝግታ ያድጋል። ሆርንዎርትና ፖቶስ፣ 6 ሰዓት ብርሃን፣ ሳምንታዊ ባልዲ። ሲኦቱ አያስፈልግም።

ሸዋ ሮቢት ወይም አጣዬ ካሉ ሂተር አይገዙም፤ አልጌው ግን ይፈጥናል። እዚያ ገንዘብዎን ተንሳፋፊ ተክልና ሽሪምፕ ላይ ያውሉት፤ ብርሃኑንም በቀን 5 ሰዓት ብቻ በማብራት ይጀምሩ። ገንዳውን ከቆርቆሮ ጣሪያ በታች ካለ ሞቃት ክፍል ያርቁት። ከቀትር በኋላ ውሃው ከ30 ዲግሪ ካለፈ በፕላስቲክ ጠርሙስ የቀዘቀዘ ውሃ ያንሳፍፉበት፤ በረዶ በቀጥታ አይጨምሩ። ደብረ ሲና መካከል ላይ ስለሆነች እንደ ክፍሉ ሙቀት ከሁለቱ አንዱን ይከተሉ፤ ለዚህም አንድ ተራ ቴርሞሜትር ገዝተው ጠዋትና ከሰዓት ያንብቡት።

ገና ገንዳ ያልገዛ ሰው ደግሞ ከሁሉም ዕድለኛ ነው። ቦታውን ከመስኮት አርቆ ይምረጥ። በመጀመሪያው ቀን የታችኛውን መሬት ሦስት አራተኛ በተክል ይሙላው፤ ከነዚያም አብዛኛዎቹ ፈጣን አዳጊዎች ይሁኑ። ዓሣ ከሳምንታት በኋላ ይግባ፤ ያውም ጥቂት። መብራቱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ 6 ሰዓት ብቻ ይብራ። ተክሎቹ አዲስ ቅጠል ማውጣታቸውን ሲያይ ብቻ በየሳምንቱ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ይጨምርበት።